ሁለት ቀይ መስመሮች

መዶሻው ቀጥ አለ። ሰፊዋ እግሯን ጋራዡ ጥግ ካለው የስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አንስታ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ጠዋት ጠዋት የባሏ መዶሻ የሚቋረጠው ውሃ ሲጠጣ ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ጎንጨት ብሎ ይመለሳል። ዛሬ ግን ዝምታው ረዘመ። ቀጥሎ፣ መኖሪያቸውን ከጋራዡ ከሚለየው ግድግዳ ጀርባ፣ ሥራው እንደገና የተጀመረ መሰላት። አመታቱ ያው የምታውቀው ነው፤ አንድ ጠንከር ያለ፣ ሁለት ቀለል ያሉ። ድምፁ ግን የብረት አልነበረም። ብረት ሲመቱት ይመልሳል፤ ይሄኛው ይውጥ ነበር።

ቦዲ ሠሪ አጠገብ የሚኖር ሰው ውሎ አድሮ ጆሮው ይደድራል። የዚያ ሰፈር ሰዎች ላሜራ እየተቀጠቀጠ እንቅልፋቸውን ይተኛሉ፣ ስልክ ያወራሉ፣ ልጅ ያስጠናሉ። ስለዚህ በዚያ ቤት ሰው ሲመታ የሚሰማ የለም፤ የሰማም ሥራ ነው ብሎ ያልፋል። ሰፊዋ ይህን ከማንም አልተማረችም፤ በገዛ ገላዋ ነው ያወቀችው። ግማሹን የሰፋችውን የመኪና ወንበር ልብስ መሬት ላይ ጥላ ሮጠች። በሩ ከውስጥ ተደግፏል።

«እማማ፣ ይክፈቱልኝ!»

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ እየተነጋገሩ ነው» አሏት አማቷ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው እንደቆሙ ከድምፃቸው ታወቃት። ወዲያው ደግሞ ወደ ውስጥ ዞረው፣ ለልጃቸው፣ ወጥ እንዳያርር እንደሚያስጠነቅቅ ሰው በተረጋጋ ድምፅ፣ «ፊቷን ተው። ፊቷን ሰው ያየዋል» አሉ።

ሰፊዋ በትከሻዋ ገፋችው። አሮጊቷ ቀላል ናቸው፤ በሩም እሳቸውም አንድ ላይ ሄዱ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለት አልጋ፣ አንድ በሩ የማይገጥም ቁም ሣጥን፣ በጨርቅ የተሸፈነ ቴሌቪዥን። ሚጣ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሀል ተሸጉጣ ጉልበቷን ሆዷ ላይ አጥፋለች። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ሚጣ አሏት፤ ከሁሉም በቁመት ከበለጠቻቸው በኋላም፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ሆና ደመወዝ ማምጣት ከጀመረች በኋላም ሚጣ ሆና ቀረች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሆዷ ይገፋ ጀመር። በመጀመሪያ ዳቦ አብዝታ ነው ተባለ። ቀጥሎ ሆዷን ነፍቷት ነው። ከዚያ የሚባለው አለቀና ቤቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ፤ እናቷ ሰሐን ሲያቀብሏት እንኳን ዓይናቸውን ከአንገቷ በታች አያወርዱም ነበር።

መመርመሪያዋን ከፋርማሲ የገዛችው ሰፊዋ ነች። ልጅቷን አምናታለች፤ ማመኗን ለሌሎቹ በማስረጃ ልታሳያቸው ፈለገች። ሚጣም ደስ ብሏት፣ እንደ ፈተና ወረቀት ተቀብላ፣ ሽንት ቤት ገባች። ሁለት ቀይ መስመር። ዳግመኛ ሌላ ተገዛ፤ ሁለት ቀይ መስመር። ቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የደነገጠችው ራሷ ሚጣ ነበረች፤ ግን የሷን ድንጋጤ የተያዘ ሌባ ድንጋጤ አደረጉት።

«ላሜራ ከውስጥ ካልተገፋ ወደ ውጭ አያብጥም» ይላል ባሏ፣ ቀጥቃጩ። ላቡን በክንዱ እየጠረገ ነው፤ ድምፁም ደንበኛ የሚያስረዳ ይመስላል። «ዕድሜ ልኬን የሰው ስቱኮ ስፈቀፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተመታ መኪና በስቱኮ ሞልተው፣ ቀለም ቀብተው ያመጡልኛል፤ በጣቴ ኳኳ ሳደርገው አውቀዋለሁ። እኔ ላይ ስቱኮ አትለጥፊ። ስሙን ጥሪ።»

«ማንም የለም ወንድምጋሼ። እማዬ ትሙት ማንም የለም።»

«እኔን አትጥሪ!» አሉ እናቷ ከበሩ ሥር።

ሰፊዋ መሀል ለመግባት ስትል በክርኑ ደረቷን ብሎ አልጋው ላይ ጣላት። ከዚያ ቀኝ እግሩን አነሣ። ጫፉ ብረት ያለበት የሥራ ጫማ ነው፤ ሞተር ቢወድቅበት ጣቱን እንዲያተርፍለት ነው የገዛው። ሚጣ እጇን ወደ ፊቷ ወሰደች። ሆዷ ሳይከለል ቀረ። ሰፊዋ ያን ድምፅ በኋላ ለመግለጽ ሞክራ አልሆነላትም፤ ከምንም በላይ የሚመስለው እርጥብ ምንጣፍ ከሽቦ ላይ ሲወድቅ ነበር። ልጅቷ ለመጮኽ አፏን ከፈተች፤ አየር አጣች። አየሩ ሲመለስላት ስም ይዞ መጣ።

«ቀቢው ነው!»

እግሩ በአየር ላይ ቆመ። «የትኛው ቀቢ?»

«የኛ... የጋራዡ።»

ቀጥቃጩ እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ። ፊቱ ላይ የሆነ እረፍት የሚመስል ነገር አለፈ፤ ስህተቱ የት እንዳለ ያገኘ ባለሙያ ፊት። ወደ ግቢው ወጣ። ሚጣ የሰፊዋን ቀሚስ ጫፍ ጨመደደች።

«ዋሽቼ ነው እትዬ። ዝናብ የጣለ ቀን ጃንጥላ አውሶኝ ነበር፤ ስሙ አፌ ላይ መጣ። ሂጂ፣ ሩጪ፣ ዋሽታ ነው በዪው!»

ሰፊዋ ሮጠች። ግቢው ውስጥ ነጭ መኪና በሮቹ ተነቅለው ቆሟል፤ ቀቢው ጭምብሉን አጥልቆ ጎኑን ይረጫል። ኮምፕረሰሩ ይጮኻል። ቀቢው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲሠራ በአፍንጫው ያንጎራጉራል እንጂ ስለ ሰው አያወራም። ቀጥቃጩ ከኋላው ደርሶ የእጁን አንጓ ያዘው። ቀቢው ለሥራ የፈለገው መስሎት፣ መርጫውን በሌላ እጁ ተቀብሎ፣ ተከተለው። ብረት ተጠፍሮ ወደሚቀጠቀጥበት ወደ ሞርሳው ሲወስደውም እየተከተለው ነበር። «ዋሽታ ነው! ኧረ ዋሽታ ነው!» አለች ሰፊዋ፤ ኮምፕረሰሩ ዋጠባት። እጁ በሞርሳው ብረት ላይ ተዘረጋ። መዶሻው ወረደ። ቀቢው ጭምብሉን እንዳጠለቀ እጁን ትክ ብሎ አየው፤ ልክ ሌላ ሰው እዚያ ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል። ሁለተኛው ሲወርድ ነው የጮኸው።

«ምን አድርጌ ነው ጌታዬ? ምን አድርጌ ነው?»

ቀጥቃጩ መዶሻውን በቦታው፣ ከሌሎቹ መዶሻዎች ተራ ላይ፣ መልሶ ሰቀለ። ሚስቱ አጠገብ ሲደርስ «ውሰጃት» አላት። «ያ ነገር ዛሬ ይውጣ። ሳይወጣ እንዳትመለሱ።» ሰፊዋ ወደ ቀቢው ትሂድ ወይስ ወደ ልጅቷ፣ ለአፍታ በሩ ላይ ተወዛወዘች። ጎረቤቱ መካኒክ ቀቢውን ደግፎ ሲያወጣው አይታ ወደ ውስጥ ገባች።

ያን ነገር ያወጣሉ የሚባልበት ክሊኒክ ከጫማ መሸጫ በላይ ነው። አሮጊቷ በቀትር ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ ልጃቸውን ቀድመው፣ የማያውቋት መስለው ወጡ። ሚጣ ለሁለት ተጎንብሳ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇን ሰፊዋ ትከሻ ላይ አድርጋ ተከተለች። ከንፈሯ ወረቀት መስሏል። የእንግዳ መቀበያዋ ሴት ከስልኳ ቀና ሳትል «ስንት ወሯ ነው?» አለች። ግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፏል፤ የሽንት ይህን ያህል፣ የደም ይህን ያህል፣ እየተባለ ወርዶ ወርዶ የመጨረሻው መስመር ላይ የአገልግሎቱ ስም ሳይጻፍ ዋጋ ብቻ ቀርቷል። ሁሉም የመጣው ለዚያ ነበር።

የአልትራሳውንድ ባለሙያው ተጫዋች ነው። ጄሉን ሆዷ ላይ ሲያፈስ «ይቀዘቅዝሻል፤ ባለቤቴ ግን ከዚህ ይልቅ እጅህ ይቀዘቅዛል ትለኛለች» አለ። የሳቀለት የለም። መሣሪያውን ወደ ግራ ወሰደ፣ ወደ ቀኝ ወሰደ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ጎኗ ላይ የበለዘውን አየ፤ ሰፊዋንም አየ። መልሶ ፈለገ።

«የት አለ?» አሉ እናትየው፤ ከበሩ ጀርባ ሆነው።

«ምኑ?»

«ያ ነገር ነዋ!»

«ማህፀኗ ባዶ ነው እማማ።»

«ፈሰሰ ማለት ነው?» ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበረበት።

«አልነበረም። እርግዝና የለም። ይሄ...» ጣቱ ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ፣ ግራጫ፣ ጎርበጥባጣ ነገር ዞረ። «ይሄ ከማህፀኗ ውጭ ነው፤ እንቁላል ማምረቻዋ ጋ። እዚህ ሥሩ የተኛው ጥቁሩ ደግሞ ደም ነው። ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነው።» ማሽኑን አጠፋው። ጄሉን እንኳን አልጠረገላትም። «እዚህ ማንም አይነካትም። ትልቁ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

በመኪና ውስጥ አሮጊቷ ሻሻቸውን ከፊታቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። የሚያልፉትን ሱቆች እያዩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «አልነበረም ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። ሰፊዋም ይህንኑ ስታስብ ነበር። ሁለት ቀይ መስመር በዓይኗ አይታለች። አንድን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው፣ ዓይኑን ከሚጠረጥር ይልቅ የሰው ልጅ መጠርጠር ይቀልለዋል።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አልጋ የሌላቸው ሰዎች ወንበር ላይ፣ ወንበር የሌላቸው መሬት ላይ ተኝተዋል። ሚጣን ግን ወዲያው ተቀበሏት፤ እንዲህ ባለ ቦታ ቶሎ መስተናገድ የሚያስፈራ ነገር ነው። ደም ቀዱ፣ ደም ግፊቷን ለኩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ሐኪሟ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነች። የሚጣን ልብስ ገልጣ ጎኗን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች።

«ምን ሆና ነው?»

«ደረጃ ላይ ተንሸራታ» አሉ እናትየው ፈጥነው።

ሰፊዋ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ያን ደረጃ ታውቀዋለች። እሷ ራሷ ክንዷ ሲሰበር ከሱ ላይ ነው የወደቀችው፤ ቅንድቧ ሲተረተርም ከሱ ላይ ነው፤ አማቷም በወጣትነታቸው፣ ሟቹ ባላቸው በነበሩ ጊዜ፣ ብዙ ተንከባለውበታል። ቤተሰቡ ከእናት ወደ ምራት ሲቀባበለው የኖረ ደረጃ ነው። አሁን ለመጨረሻዋ ልጅ ደረሳት።

«እኛ ቤት ደረጃ የለም» አለች።

አሮጊቷ ክንዷን ቆነጠጧት። ጠበቅ አድርገው፣ ጥፍራቸው እስኪገባ።

«ቤታችን ምድር ቤት ነው፤ አንዲት ደረጃ የለውም። ወንድሟ ነው። ጫፉ ብረት በሆነ ጫማ። አርግዘሻል ብሎ፤ መመርመሪያው አርግዛለች ስላለ።» ከጀመረች ወዲያ ማቆም አቃታት። «የሚሠራለትን ሰው እጅም በመዶሻ ሰብሯል። ዛሬ ጠዋት። ለዚሁ ብሎ።»

ሐኪሟ ስለ ሰው ክፋት ለመደነቅ ጊዜ አልነበራትም። ወረቀቶቹን ገልብጣ አነበበችና ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ጠራቻቸው። ሚጣ በተሽከርካሪ አልጋው ላይ ሆና ራሷን ወደነሱ አዞረች፤ ከሁሉም በላይ መስማት የሚገባት እሷ ነበረች፤ ሐኪሟም ይህ ገብቷት ይመስላል ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«መመርመሪያው አልዋሸም» አለች። «እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽንቱ ውስጥ የእርግዝና ሆርሞን አለ ወይስ የለም። ማን እንደሠራው አይጠይቅም። ሌላ ጊዜ የሚሠራው ፅንስ ነው። እሷ ጋ የሠራው ዕጢው ነው።»

«ያለ ወንድ?» አሉ እናትየው።

«ያለ ማንም። ሴት ልጅ የእንቁላሎቿን ዘር ይዛ ነው የምትወለደው፤ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ይቀመጥላታል። አልፎ አልፎ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ከነዚያ ዘሮች አንዱ መንገድ ይስትና ብቻውን ይባዛ ጀመር። እንዲህ ባሉ ልጆች፣ በዚህ ዕድሜ ነው የሚመጣው። ለምን እሷን እንደመረጠ ብትጠይቂኝ አላውቅም፤ የሚያውቅም አላገኘሁም።»

«ካንሰር ነው?» አለች ሰፊዋ።

«እንደዚያ ነው የማስበው። የሚረጋገጠው ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ግን ስሙ የሚያስደነግጠውን ያህል አይደለም፤ ይሄ ዓይነቱ ለመድኃኒት እሺ ይላል፤ ድነው ወልደው የመጡልኝ አሉ። ዛሬ የምፈራው ካንሰሩን አይደለም፤ ደሙን ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት በሽፋኑ ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ ይመስለኛል። አሁን ተቀዷል።»

አሮጊቷ ከተባለው ሁሉ አንዷን ይዘው ቀሩ። «እኔ ሆድ ውስጥ እያለች» አሉ። «ከኔ ነው የወጣው።» ሐኪሟ ዘሩ እንጂ በሽታው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ልታስረዳቸው ጀምራ ነርሷ ጠራቻትና ሄደች። አሮጊቷ መስኮቱን እንደያዙ ቆሙ። ሚጣ ግን ፈገግ ብላ ነበር። በዚያ በነጣ ከንፈር፣ ካንሰር እንደያዛት በተነገራት ቅጽበት፣ ፈገግ አለች።

«ሰማሽ እማዬ?» አለች። «ማንም የለም ብዬሽ ነበር እኮ።»

እናቷ አልዞሩም።

የሚጣ የደም ዓይነት እንደ ልብ የሚገኝ አልሆነም። ደም ባንኩ ያለውን አንድ ከረጢት ሰጠ፤ ለሌላው የቤተሰብ ክንድ ተፈለገ። የእናቷ አልገጠመም። ሰፊዋ የሥጋ ዘመድ አልነበረችም፤ የሷም አልገጠመም። «ወንድም የላትም?» አለች ነርሷ። ሚጣ ይህን ስትሰማ ሰፊዋን በጣቷ ጠራቻት። «የሱን እንዳታስገቢብኝ» አለች በሹክሹክታ። «ብሞትም። ማይልኝ እትዬ።» ሰፊዋ ማለች። ልጅቷ ወደ ቀዶ ጥገናው ስትገፋ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እጇን እያውለበለበች ሸኘቻት። በሩ ሲዘጋ ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች።

እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጫማውን አልቀየረም። «ወጣ?» አለ ገና ከሩቅ። ሰፊዋ ነገረችው፤ ሐኪሟ እንዳለችው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። እሱ ግን ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

«ምን ያለ ተረት ነው? ዶክተር ሲባል ሁሉን ታምኛለሽ። መስመሩን አላየሁም? ራሷ ስሙን አልጠራችም?»

«ስለመታሃት ነው የጠራችው። ብትጨምርባት የኔንም ትጠራ ነበር።»

«ስሚ» አለ፤ ቀርቦ፣ ጥርሱን ነክሶ። «እኔ ዛሬ የሰው እጅ ሰብሬያለሁ። ገባሽ? ሰው ሰብሬ ነው የመጣሁት። አሁን መጥተሽ ምንም አልነበረም ትይኛለሽ? መኖር አለበት!»

ሰፊዋ አየችው። ይህ ሰው እህቱ ዲቃላ እንድታረግዝ እየለመነ መሆኑ ገባት። ካንሰሩ ልጅቷን ሊገድላት ይችላል፤ እሱን ግን ጥፋተኛ ያደርገዋል፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስበት ፊቱ ላይ ተጽፏል። «አልነበረም» አለችው። «ባዶ ነበረ።» በጥፊ አጮላት።

ቤታቸው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እዚህ ኮሪደር ውስጥ ግን የሚቀጠቀጥ ላሜራ አልነበረምና ጥፊው ተሰማ። መሬት የተኙት ቀና አሉ። አንዲት ልጇን የምታጠባ ሴት «ኧረ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። ሁለት ጥበቃዎች ከሁለት በኩል መጥተው ያዙት፤ አንደኛው ለፖሊስ ደወለ። ቀጥቃጩ በሕይወቱ እንዲህ ብዙ ሰው አንድ ላይ አይቶት አያውቅም፤ በእጆቻቸው መሀል ድንገት አነስ አለ። ሰፊዋ ከከንፈሯ ላይ ደሟን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ጥበቃዎቹን «ቆዩ» አለቻቸው። «መጀመሪያ ደም ይስጥ።»

የደሙ ዓይነት ገጠመ፤ አጋደሙት። መርፌው ሲገባ ፊቱን አዞረ፤ ሌላው ሲደማ ማየት ለምዷል፤ የራሱን ግን አይወድም። ነርሷ ላስቲክ ኳስ አስጨብጣው «ጨብጥ፣ ልቀቅ። ጨብጥ፣ ልቀቅ» አለችውና ወደ ሌላ ሥራ ሄደች። እጁ ሰነፈ። ሰፊዋ ከራስጌው ቆመች። ያ ቡጢ አጠገቧ ሆኖ ሳትፈራው ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ጨብጥ» አለችው።

ጨበጠ።

«ልቀቅ።»

ከረጢቱ ቀስ እያለ ሞላ። ለሚጣ የማለችላትን አሰበች። ልጅቷ ስትነቃ ትጠላኛለች ብላ አሰበች፤ ለመጥላት ደግሞ መንቃት ያስፈልጋል። «ጨብጥ» አለች እንደገና። እሱ ጣሪያውን እያየ «ውጤቱ ይምጣ ብቻ። እውነቱ ያኔ ይታያል» ይላል። ከረጢቱ ሲነቀል ነርሷ ለፈጣን ምርመራ ይዛው ሮጠች። ፖሊሶቹ በሩ ላይ ነበሩ።

ሐኪሟ ስትወጣ ፀሐይ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ መስኮት ወርዳ ነበር። ጓንቷን አላወለቀችም፤ በሁለት እጇ የብረት ጎድጓዳ ሰሐን ይዛለች፤ እዚህ ሆስፒታል የወጣውን ነገር ለቤተሰብ ማሳየት የተለመደ ነው፤ ምን አወጣችሁ፣ ምን ደበቃችሁ የሚል ክርክር እንዳይመጣ። «በሕይወት አለች» አለች መጀመሪያ። «ደሙ ደርሶላታል። ማህፀኗንና አንዱን እንቁላል ማምረቻዋን ትቼላታለሁ።» ከዚያ ጨርቁን ገለጠችው። የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፣ ግራጫና ሮዝ፣ እንደ ድንች ጎርበጥባጣ ነገር ነው። አሮጊቷ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸውን አጥብበው ዙሪያውን ፈለጉ።

«እጅ የለውም?»

«የለውም እናቴ።»

«እግርም?»

«ምንም የለውም።»

አሮጊቷ ቀና ብለው፣ በሁለት ፖሊስ መሀል ለቆመው ልጃቸው መንገድ ለቀቁለት። ማንም ና ሳይለው መጣ። በመጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ተጸይፎ አየ። ቀጥሎ ግን የሙያው ዓይን መጣበት። ለዓመታት የተጎዳ ነገር አይቶ፣ ይሄ ግንድ ነው፣ ይሄ የሌላ መኪና ጥግ ነው፣ ይሄ በኋላ የመጣ ነው እያለ ሲፈርድ የኖረ ሰው ነው። ሰሐኑን በዓይኑ ዞረው። አንድ ጎን ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽፋኑ እዚያ ጋ ሰርጉዶ፣ ከስርጉዱ ሥር ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ይቺስ?» አለ፤ ሳይነካ፣ በአገጩ እያሳየ።

«እሷ የዛሬ ናት» አለች ሐኪሟ።

ቀጥቃጩ ስርጉዱን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የቀኝ ጫማውን ጫፍ አየ። ፖሊሶቹ ሲጎትቱት እግሩን ከመሬት የማንሳት ያህል እንኳን አልረዳቸውም። እናቱ አልተከተሉትም። ወደ ሚጣም አልገቡም። ወንድየው ከወጣበት በርና ሚጣ ከተኛችበት በር እኩል ርቀት ላይ ያለ ወንበር መርጠው ተቀመጡ።

«ይሄ ዛሬውኑ ፓቶሎጂ መግባት አለበት» አለች ሐኪሟ ለሰፊዋ። የሆስፒታሉ ላብራቶሪ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም፤ የሚሠራው ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው፤ ናሙናውን የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። «ነገ የእረፍት ቀን ነው፤ ዛሬ ካልደረስሽ ቀን ይባክናል። መድኃኒቱን የምመርጠው እነሱ በሚሉኝ ነው፤ ዓይነቱን ሳላውቅ በግምት አልጀምርላትም።» ዕጢው ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ፣ እንዳይበላሽ ከፎርማሊን ጋር ተደርጎ፣ በፕላስተር ታሽጎ ተሰጣት። ሰፊዋ ሚጣን በመስታወት አይታ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አረጋግጣ፣ ባልዲውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

ታክሲ አልቆመላትም። አውቶቡሱ ከሥራ በሚመለሱ ሰዎች ጢም ብሏል። እንዳይፈስባት ነጠላውን ከግራ ቀኝ ሰብስባ፣ ባልዲውን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ አንድ እጇን ከሥር አንድ እጇን ከላይ አድርጋ አቀፈችው። በገፊያው መሀል አንዲት ወፍራም ሴት አየቻትና ድምፅዋን ለቀቀችው።

«እናንተ ሰዎች! አራስ ልጅ ታቅፋ ቆማ እያያችሁ ነው? ተነሱላት እንጂ! ሰው የለም እዚህ?»

አንድ ጎልማሳ አፍሮ ተነሣ። «ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁሽም። ነይ፣ ከነልጅሽ ተቀመጪ።» ወፍራሟ ሴት የነጠላውን ጫፍ ለመግለጥ እጇን ሰደደች። «ታፈነ እኮ፣ አየር ስጪው። ወንድ ነው ሴት?»

ሰፊዋ እጇን ያዘቻት።

«ልጅ አይደለም» አለች።

በቀስታ ልትለው ነበር፤ ጮክ ብሎ ወጣ። ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት ከበፊቱ ዝምታ ጋር አንድ ስለሆነባት ቀጠለች። «የባሌ እህት ዕጢ ነው። ሁላችንም ልጅ ነው ብለናት ነበር። ደብድበናት ነው የተሰነጠቀው። ላብራቶሪው ሊዘጋብኝ ነው።»

ወፍራሟ ሴት እጇን አልነጠቀችም፤ እዚያው ነጠላው ላይ፣ በሰፊዋ መዳፍ ሥር ቀረ። የተለቀቀው ወንበር ባዶውን ቆየ። ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አያት፤ ነጠላውንም አየ።

«የትኛው ላብራቶሪ ነው?» አለ።

ነገረችው።

መጪው ፌርማታ ላይ ሰዎች እጃቸውን እየዘረጉ ቆመዋል። ሹፌሩ አልቆመም። ቀጣዩንም አለፈው። ሰፈራቸው ያለፈባቸው ሰዎች በመስኮት ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩት እንጂ፣ ወራጅ አለ ያለ አልነበረም።